ቦራን ያለበስንበት ክረምት

እሑድ፣ ሰኔ 9፣ አረፋ

ሊሙ ገነት ሄጄ የለጢፋን ቤተሰብ እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ተመለስኩ። የተባለውን በቅደም ተከተል ላስፍር።

ሽማግሌዎቼ ለጢፋን ሊጠይቁልኝ በሚያዝያ ሄደው ያገኙት መልስ «ክረምቱ ይውጣ» የሚል ብቻ ነበር። ምክንያቱን ዛሬ ከአባቷ ከአባቦራ አፍ ሰማሁ። ልጃቸውን የሚሸኙት ቦራ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ሌላ አሸኛኘት አያውቁም። ቦራ ፈረሳቸው ነው። እንደ አገሩ ደንብ የሚጠሩትም በእርሱ ነው፤ የመዝገብ ስማቸውን ለጢፋ እንኳን ያወቀችው ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። ፈረሱ ግን አርጅቷል። በግንቦት ማብቂያ ከገበያ ሲመለሱ ዝናብ ደብድቦት ሲንቀጠቀጥ አድሯል።

«ኢልማ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «የተማርከው ጨርቅ አይደል? ቦራን አልብስልኝ። ይህን ክረምት ከተሻገረ ጥቅምት ላይ ኒካሁን እናስራለን።»

«ካልተሻገረስ፣ አባ?» አለች ለጢፋ ከጓዳ።

«በባጃጅ ልሸኝሽ እንዴ?»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም። እኔም «ኢንሻአላህ፣ አባ» አልኩ። በዕለቱ የተናገርኩት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ሁለት ዲግሪ አለኝ፤ አስተምራለሁም። ፈረስ ግን አልብሼ አላውቅም። በዚህ አገር ፈረስ የሚለብሰው ግላስ ነው፤ እርሱም ለጌጥ ነው። በረዷማ አገሮች ግን ለብርድ ብቻ የተሰፋ የፈረስ ልብስ አለ። ሁለት ቀን ስለእርሱ አንብቤ የተረዳሁት የሚከተለው ነው።

ሙቀት የሚሰጠው በሁለቱ ጨርቆች መካከል ያለው ሙሌት ነው፤ የሚለካውም በካሬ ሜትር በስንት ግራም ነው። መቶ ቀላል ነው፣ ሁለት መቶ መካከለኛ፣ ከሦስት መቶ በላይ ለበረዶ። የውጪው ጨርቅ ክር ውፍረት በሌላ መለኪያ ይነገራል፤ የሚያሳየውም ልብሱ በእሾህና በአጥር እንዳይቀደድ ያለውን ጥንካሬ ብቻ ነው። ዝናብ የሚከለክለው ደግሞ የጨርቁ ቅብ ነው። ሦስቱን ማደባለቅ የቤቱ በር ወፍራም ስለሆነ ምድጃው ይነዳል እንደማለት ነው። ከሁሉም በላይ ፈረስ ምድጃውን በሆዱ ይዞ የሚዞር ፍጥረት ነው፤ ሣር ሲያብላላ ይሞቃል፣ ሲበርደው ጠጉሩን አቁሞ አየር ያጠምዳል። ከባድ ልብስ ያንን ጠጉር ያስተኛዋል።

የጅማ አካባቢ የክረምት ሌሊት ለጤነኛ ፈረስ ብርድ አይባልም። የቦራ ችግር እርጥበት ነው።

ውሳኔ፦ ዝናብ የማያስገባ፣ ላብ የሚያስወጣ ሽፋን። ሙሌት ዜሮ። ከዚህ ውሳኔ ሊያናውጠኝ የሚችለው አዲስ መረጃ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ ሸምሰዲን ዘንድ። ሸምሰዲን የባጃጅ ሸራና የሶፋ ልብስ ይሰፋል፤ በሰፈሩ ወፍራም ነገር የሚበሳ የስፌት መኪና ያለው እርሱ ብቻ ነው።

«ኢንጂነር፣ ለማን ነው?»

«ለፈረስ።»

«ሙሽራው ፈረስ ነው?» መቀሱን አስቀመጠ። «ኪስ ይኑረው?»

«ኪስ አያስፈልገውም።»

«ኮሌታስ? በኋላ አማቴ ሰደቡኝ እንዳትል።»

ሥዕሉን ዘረጋሁለት። ትከሻው ላይ እንዳይፈገፍግ የት እንደሚሰፋ፣ ማሰሪያው ከሆድ ሥር እንዴት እንደሚያልፍ አሳየሁት። ሥራው ማታ አለቀ፤ ጥሩ ነው። ቀላል፣ ንጹሕ፣ ውሃ የማያስገባ። እጥፍ ቢል በአንድ ክንድ ይያዛል። ረክቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22

እነርሱ አልረኩም።

ልብሱን ይዤ ስገባ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር። የአባቦራ እህት አዳዳ ሐጂራም ነበሩ፤ አዳዳ አክስት ማለት ነው። በዚህ ቤተሰብ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እርሳቸው ናቸው። የልብሱን ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አስገብተው አሹት። ደጋግመው አሹት። የጠፋባቸውን ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

«ሳሳ፣» አሉ።

አባቦራ ወደ ደጅ አዩ።

«ያ ረቢ! ይሄ ለፈረስ ነው ወይስ በቆሎ ለመሸፈን? ሀቢቡላህ እንኳን ለአማቱ ያመጣው ጋቢ ስንት ድርብ ነበር?»

ሀቢቡላህ የለጢፋ ታላቅ እህት ባል ነው። ጋቢው በዚህ ቤት እንደ ታሪክ ይወራል፤ አባቦራ ለብሰውት ግን ታይተው አያውቁም፤ ከባድ ነው።

ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር። ሦስት ነጥቦች ነበሩት። የመጀመሪያውን ስጀምር አዳዳ ሐጂራ «ልጄ፣ ብላ» አሉኝ። በላሁ።

ማታ፦ መቶ ግራም ሙሌት ቢጨመር ጉዳት የለውም። ፈረሱ ሽማግሌ መሆኑ አዲስ መረጃ ነው ሊባል ይችላል። (ሽማግሌ መሆኑን ከመጀመሪያው አውቅ ነበር።)

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 6

መቶ ግራሙን ወሰድኩ። ጣቶቹ እንደገና ገቡ።

«ተሻሽሏል፣» አሉ አዳዳ ሐጂራ። «ግን አሁንም ጣቴና ጣቴ ይተዋወቃሉ።»

አባቦራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ልጁ የቻለውን አድርጓል፤ ተይው።»

በአማርኛ ከዚህ የከፋ ስድብ አላውቅም። በኦሮምኛም ያለ አይመስለኝም።

«ለዚህ ምን ችግር አለ፣» አሉ አዳዳ። «የድሮ ፍራሼን ጥጥ እሰጠዋለሁ። ባሌ አላህ ይዘንለትና በሕይወቱ ሳለ ያስነደፈልኝ ነው።»

ጥጥ ላብ ይጠጣል፤ ከጠጣ በኋላም አይደርቅም። በሐምሌ፣ በሊሙ፣ በፈረስ ጀርባ ላይ ጥጥ ማኖር ፈረሱን በእርጥብ ፍራሽ መጠቅለል ነው። ይህን ለማስረዳት የሟች ባልን ስጦታ እምቢ ማለት ያስፈልግ ነበር። አመሰገንኩ። ጆንያውን ተሸክሜ በሚኒባስ ስመለስ ረዳቱ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎኝ ነበር። «የምርምር ናሙና» አልኩት።

ለጢፋ እስከ መንገድ ሸኘችኝ። «አንተ ራስህ ምን ትላለህ?» አለች።

«አስተያየቶቹ ሁሉ ከግምት ይገባሉ።»

«እኔ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አልጠየቅኩህም፣ ሱፍያን።»

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16

ሸምሰዲን ጥጡን ሲሰፋ ሦስት መርፌ ሰበረ። የመጨረሻው ሲሰበር እግሩን ከፔዳሉ አንሥቶ አየኝ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ፈረስ ወዴት ነው የሚሄደው? ሩሲያ?»

«ሊሙ ገነት።»

«ሊሙ እኮ ሙዝ ይበቅላል!»

መዝኜ አሰላሁት። በካሬ ሜትር አምስት መቶ ግራም ገደማ ሆኗል። በበረዷማዎቹ አገሮች ሰንጠረዥ ላይ ይህን የሚያህል ቁጥር አላገኘሁም፤ ሰንጠረዡ ቀደም ብሎ ያልቃል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20

ቦራ ልብሱን ለበሰ። ለማልበስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

አዳዳ ሐጂራ ጣቶቻቸውን አስገቡ፤ አልተገናኙም። «ማሻአላህ! አሁን ሰው አለበሰው።» አባቦራ ትከሻዬን ያዙ። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። ከሰኮሩ ወረዳ የመጣ ዘመድ ፈረሱን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ «ወላሂ፣ ይሄ ተመርቋል! ዲግሪውን መቼ ያዘ?» አለ። ሌላው «ዝም በል፣ ማስተርሱን እየሠራ ነው» አለው።

ቦራ አልተንቀሳቀሰም። አንገቱን አዙሮ አየኝ። ፈረሶች ሐሳብ አላቸው ብዬ አልጽፍም፤ ለዚያ ማስረጃ የለኝም።

አባቦራ ትእዛዝ ሰጡ፦ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ልብሱ እንዳይወልቅ። በመካከል ብርድ ይመታዋል። ሁሉም «ልክ ነው» አሉ። የእኔ ድምፅም ከመካከላቸው ነበረ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 24

ለጢፋ ደወለች። ቦራ ጎኑን በአቮካዶው ግንድ ያሻል። ይሸታል። «በጥንቃቄ ተከታተዪ፣ መረጃው ገና በቂ አይደለም» አልኳት።

«አፍንጫ አለኝ እኮ። እርሱም መረጃ ነው።» ዘጋችው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27

የዛሬውን በጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ።

ፀሐይ ወጥታ ነበር። ቦራ ልብሱን እንደለበሰ ከአቮካዶው ሥር ቆሟል። ሁሉም ቡና ሲጠጡ ወደ እርሱ ጠጋ ብዬ እጄን በልብሱ ሥር በትከሻው በኩል አስገባሁ። ጥጡ ተጨምቆ ይንጠባጠባል። ቆዳው ይፋጃል። ጠጉሩ በመዳፌ ላይ ቀረ።

እጄን አውጥቼ በሱሪዬ ጠረግሁት። ስዞር አባቦራ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ጋሪዳ፣» አልኩ። ደኅና ነው ማለት ነው። በኦሮምኛ መናገሬ ደስ አላቸው።

ስለዚህ መልስ አስቤበታለሁ። አንደኛ፣ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ሁለተኛ፣ በእንግዶች ፊት የአንድን ሽማግሌ ትእዛዝ መቃወም ውጤቱ ከፈረሱ ላብ የከፋ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ የአዳዳ ሐጂራን ባል ጥጥ አርጥቧል ማለት ሟቹን እንደመንካት ነው። አራተኛ የለም። ሦስቱ ከበቁኝ ግን አራተኛውን ለምን ሌሊቱን ሙሉ እንደምፈልግ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4

ሊሙ አልሄድኩም። ፈተና ማረም ነበረብኝ። ታርሞ ያለቀ ቢሆንም ደግሞ ማየት አይከፋም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

ሻይ ቤት፣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች፦

«የአባቦራን ፈረስ አየኸው? ወፍሯል።»

«ይወፍራላ። የተማረ አማች ማግኘት ቀላል ነው?»

ከሁለቱ የወፈረው ፈረሱ ይሁን ልብሱ ዞሬ አልጠየቅኳቸውም። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

ለጢፋ፦ «ትላንትም ዛሬም አልበላም። ና።»



ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

ስደርስ ሽማግሌዎቹ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ቦራ ግቢው መካከል አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ይንቀጠቀጣል። ልብሱ ግን ሙሉና ግርማ ያለው ነበር፤ ከሩቅ ላየው ከአገሩ ሁሉ የደለበ ፈረስ ነው።

«መጣህ? ደግ፣» አሉ አባቦራ። ድምፃቸው ደክሟል። «ብርዱ በርትቶበታል። አየኸው፣ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ድርብ ጨምርበት።»

«ጥጥ አላጣም፣» አሉ አዳዳ ሐጂራ። «ትራሴም አለ።»

ለጢፋ በሩን ተደግፋ ቆማለች። እንደ ቴርሞሜትር ታነበኝ ነበር፤ ቁጥሩ የሚጠበቀው ከእኔ ነበር።

«አባ፣ በመጀመሪያ ደረጃ…» አልኩ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ብላ፣» አሉ አዳዳ፤ ሳህኑ ከእኔ በፊት ደርሶ ነበር።

«አልበላም፣» አልኩ። ያሰብኩትን ያህል አልጮህኩም፤ ሳህኑን ግን መለስኩ። «አባ፣ ይውለቅ።»

«ምን?»

«ልብሱ ይውለቅ። አልበረደውም። እየተቀቀለ ነው።»

ማንም አልተነሣም። እኔና ለጢፋ ማሰሪያውን ፈታን። ልብሱ ሲወድቅ እንደ እርጥብ ሰው ድምፅ አሰማ። ሽታው በረንዳው ድረስ ሄደ። ከሥሩ የወጣው የምናውቀው ፈረስ አልነበረም። ጎድኑ ሁሉ ይቆጠራል። ከትከሻው እስከ ወገቡ ጠጉሩ ተልጦ ቆዳው ቆስሏል። እየከሳ ከሥር ሲያልቅ ከላይ እኛ «ወፈረ» ስንል ከርመናል።

አባቦራ ወርደው በዝግታ ዞሩት። እጃቸውን ቁስሉ ላይ ሳያሳርፉ አቆሙ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

ብዙ መልሶች ነበሩኝ። አንዱም አልረዳኝም።

«ከመጀመሪያው። ያ የመጀመሪያው ስስ ልብስ ነበር ልኩ።»

«ያን ቀን እጅህን አስገብተህ ሳለ፣ ጋሪዳ ያልከኝስ?»

«ያን ጊዜም አውቅ ነበር።»

«ለምን?»

«እርስዎን አክብሬ ነው፣ አባ።»

እንዲህ የሚያዩ ዓይኖች ከዚህ በፊት አላየሁም። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያው ነገ ልጄ ትኩሳት ይዟት ቤትህ ብትተኛ፣ እኔ ይበርዳታል ካልኩ፣ እኔን አክብረህ ብርድ ልብስ ትደርብባታለህ?»

የወደቀውን ልብስ ላነሣ ጎንበስ አልኩ፤ ለብቻዬ አልቻልኩትም።

አዳዳ ሐጂራ ከተቀመጡበት «እኔ ሳሳ አልኩ እንጂ ፈረሱን ቀቅሉት መቼ አልኩ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ማን ነው ሳሳ ስል ዝም በሉ ያላችሁ?»

እሑድ፣ ነሐሴ 12

ሐኪም መጣ። ቁስሉ በመድኃኒት ይታጠባል። ፀሐይ ስትወጣ ራቁቱን ይቁም፣ ከባድ ዝናብ ሲሆን ብቻ ይሸፈን፣ የተፈጨ መኖ በጥቂት በጥቂቱ። ልቡ ደክሟል። ይተርፋል አላለም፤ አይተርፍም አላለም። ይህን ዓይነት መልስ አውቀዋለሁ፤ እኔም የምሰጠው ነው። ከሌላ ሰው ሲመጣ እንዴት እንደሚያቃጥል ግን አላውቅም ነበር።

አባቦራ ስለ ኒካሁ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። «ጎኑ ይሙላ።» ፈረሱን አየሁት። ጎን የሚባል ነገር አልነበረውም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 17

ጓዜን ይዤ ሊሙ ሰንብቻለሁ። ሀቢቡላህ ቤት አድራለሁ። ዝነኛውን ጋቢ አባቦራ ቤት ሣጥን ውስጥ አየሁት፤ ሰው አልለበሰውም፣ ብል ለብሶታል።

ጥጡን ከልብሱ በምላጭ ፈትቼ አወጣሁ። የቀረው የመጀመሪያው ስስ ሽፋን ነው። አዳዳ ሐጂራ ጥጣቸውን ለመረከብ መጥተው ሽፋኑን አነሡ። ጣቶቻቸውን እንደለመዱት ሊያስገቡ ሲሉ አዩኝ።

«ሳሳ ነው፣ አዳዳ፣» አልኩ። «እንዲሁ ይሁን።»

ጣቶቻቸውን ሰበሰቡ።

ነሐሴ 20

ዝናብ። ተኛ። ተነሣ። ጥቂት በላ። ቆዳው ቀዝቅዟል።

ነሐሴ 23

ተኛ። አልተነሣም። አባቦራ አጠገቡ ጭቃው ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ ዣንጥላ ያዝኩላቸው። ማምሻውን ለጢፋ ጨው የገባበት ሙቅ ውሃ አመጣች። ጠጣ። በስተመጨረሻ የፊት እግሩን ዘረጋ።

ቆመ። አባቦራ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዣንጥላውን ከእጄ ወሰዱ። «በል፣ አሁን አንተ ራስህን አድርቅ።» ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በቀጥታ ያናገሩኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

መስከረም 8

ጅማ ተመልሻለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊሙ። ጊንጆ ላይ ባጃጅ አልፎኝ ሲሄድ ከውስጥ አንዱ «አባ ብርድ ልብስ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ማሻአላህ፣ ወፍራም ነው!» አለ። በዚህ አገር ሰው በፈረሱ ይጠራል። ፈረስ የሌለው ደግሞ በሚገባው።

እናቴ ለአባቦራ የሚሰጥ ካፖርት ገዝታለች። ጥቁር ሱፍ ነው፤ ውስጡ ሌላ ካፖርት አለ። «ትንሽ ይከብዳል» አልኳት። «አንተ ብለህ ብለህ ስለ ውፍረት ልትመክር?» አለችኝ። በዚህ ጉዳይ ሥልጣኔን ማጣቴን አልካድኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

አባቦራ የቦራን ጎን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። የተመታ ሥጋ ድምፅ ሰጠ እንጂ አጥንት አልጮኸም። «በሚቀጥለው እሑድ፣» አሉ፤ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ኒካሁ ታሰረ። አባቦራ ቦራ ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ከግቢው እስከ አስፋልቱ ሸኙ። አጭር መንገድ ነው፤ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ በጉባኤ ፊት፣ ከምግብ በፊት። ቦራ በቀን ብርሃን ግላሱን ብቻ ለብሶ ነበር። አንድ ጎኑ ላይ ጠጉሩ ገና ሙሉ በሙሉ አልበቀለም። ማንም እንዳላየ ሆነ፤ እኔ አየሁ።

ከሽኝቱ በፊት ግን ድንኳኑ ውስጥ እናቴ ካፖርቱን አለበሰቻቸው። ቀትር ነበር፤ ሸራው ከላይ ይፋጃል። አዳዳ ሐጂራ ጫፉን በጣቶቻቸው ያዙ፣ የነሐሴውን ረሱና፣ «ማሻአላህ» አሉ። እናቴ በኩራት ታያቸዋለች። ከአባቦራ ጆሮ ሥር ላብ ሲወርድ አየሁ። ግንባራቸውን ጠረጉ። ፈገግ አሉላት። እንደገና ጠረጉ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር፤ ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ያከብራል።

ተነሥቼ ሄድኩ።

«አባ፣ ሞቆዎታል። ያውልቁት።»

ዝቅ ብዬ አልነበረም የተናገርኩት። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች።

«አውቃለሁ፣» አሉ አባቦራ። «እኔ አፍ አለኝ። አንተ አፍህን ይዘኸው እንደሆነ ላይ ብዬ ነው የተቀቀልኩት።»

ካፖርቱን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ደረቡት። ክብደቱን መገመት አያቅተኝም፤ ግን አልገመትኩም። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ በጣም ያምርበታል አሉ። ለጢፋ ቀና ሳትል «አንተስ?» አለችኝ።

«ሞቆኛል፣» አልኩ። ከዚያ ጮክ ብዬ ደገምኩት። «ሞቆኛል!»

አውልቄ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። ቦራ በአጥሩ ማዶ ሣር ይግጥ ነበር። ቀና ብሎ አሸተተው። ጆሮዎቹን ወደኋላ አጠፈና ፀሐዩ ወዳለበት ሄዶ ቆመ።